በ11 ድምፅ የተገኘ ወንበር፦ የቨርጂኒያ ሴኔት ምርጫና የሕሙማን ወረፋ

የመጽሔቱ ኮሚቴ ከምኖርበት አካባቢ ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቀኝ፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ወይም ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ እንደሚሆን ገምቻለሁ። መቼም ቨርጂኒያ ታሪክ አያጣትም። እኔ ግን የመረጥኩት አሥራ ምናምን ዓመት ብቻ ያለፈውን፣ እዚሁ ያለነው እንኳ ብዙዎቻችን መካሄዱን ያላወቅነውን የአንድ ማሟያ ምርጫ ውጤትና ያስከተለውን ነው። ነገሩ የፖለቲካ ቢመስልም በየቀኑ ክሊኒክ ውስጥ የምንቀመጥ ሰዎች ጉዳይ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ቨርጂኒያ እንደ ሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የራሷ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አላት፤ መቀመጫው ሪችመንድ ነው። የታችኛው ምክር ቤት 100 ወንበር ሲኖረው፣ የላይኛው፣ ማለትም ሴኔቱ፣ 40 ብቻ ነው ያለው። ሴናተሮች ለ4 ዓመት ይመረጣሉ። ምርጫው የሚደረገው በጎዶሎ ዓመት፣ ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ኖቬምበር ስለሆነ ካሜራው ሁሉ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። የእኛም ሰው "ዘንድሮ ደግሞ ምርጫ አለ እንዴ?" ይላል። 40 ጥንድ ቁጥር በመሆኑም ሁለቱ ፓርቲዎች 20 ለ20 የሚካፈሉበት ጊዜ አለ። ያኔ ሴኔቱን የሚሰበስበው ምክትል አገረ ገዥ ሚዛኑን ይደፋል። በበጀት ላይ ድምፅ መስጠት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ኮሚቴዎቹን የትኛው ፓርቲ ይምራ በሚለው ላይ ግን ድምፁ ወሳኝ ነበር።

አገር ቤት የሠራን ሁሉ ነፃ ወረቀትን እናስታውሳለን። ከካርዱ ጋር የተያያዘችው፣ ማኅተም ያረፈባት የቀበሌ ደብዳቤ ካለች ምርመራው ይታዘዛል፤ ከሌለች ቤተሰብ ተሰብስቦ ስለ በሬ መሸጥ ይነጋገራል። ሜዲኬይድ ማለት፣ ዝርዝሩን ትተን፣ የአሜሪካ ነፃ ወረቀት ነው። ወጪውን የፌዴራል መንግሥትና ግዛቱ ይካፈሉታል፤ ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን በአብዛኛው የምትወስነው ግዛቷ ናት። በቨርጂኒያ ልጅ የሌለው ጎልማሳ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ነፍሰ ጡር እስካልሆነ ድረስ፣ የቱንም ያህል ድሃ ቢሆን ወረቀቱን አያገኝም ነበር። በ2010 የወጣው የኦባማ የጤና ሕግ ገቢያቸው ከድህነት ወለል 138 በመቶ በታች የሆኑትን ጎልማሶች በሙሉ ሊያስገባ አሰበ። ጁን 28 ቀን 2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን በጥቅሉ አጽድቆ ይህን ክፍል ለየግዛቱ ፈቃድ ተወው።

ከዚያ የመጣው ክፍተት ለማመን ያስቸግራል። የፌዴራሉ የመድን ድጎማ የሚጀምረው ከድህነት ወለል ጀምሮ ነው፤ ሕጉን ያረቀቁት ከዚያ በታች ያለው ሰው ሜዲኬይድ ያገኛል ብለው ነበርና። ስለዚህ እምቢ ባለች ግዛት ውስጥ በዓመት 15,000 ዶላር የሚያገኝ ብቸኛ ሰው በድጎማ መድን ይገዛል፤ 9,000 የሚያገኘው ጎረቤቱ ምንም የለውም። ብዙ ጊዜ ነገሩን ለሕሙማን ማስረዳት የሚወድቀው በእኛ ላይ ነበር። "ገቢዎ ትንሽ ስለሆነ አይረዱም" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ሲናገሩት አፍ ይይዛል። በቨርጂኒያ በሩ ቢከፈት ወደ 400,000 የሚሆን ሰው እንደሚገባ ይገመት ነበር። ወጪውን እስከ 2016 ድረስ ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ከ2020 ጀምሮ 90 በመቶውን የሚከፍለው የፌዴራል መንግሥት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። የ2011ዱ ምርጫ ሴኔቱን 20 ለ20 አድርጎት ነበር፤ የጊዜው ምክትል አገረ ገዥ ሪፐብሊካን ስለነበሩ ሥልጣኑ ወደዚያ አዘነበለ። በኖቬምበር 2013 ዲሞክራቶቹ ሦስቱን ከፍተኛ የግዛት ሹመቶች ጠቅልለው ወሰዱ፦ ቴሪ ማካሊፍ አገረ ገዥ፣ ዶክተር ራልፍ ኖርታም ምክትል አገረ ገዥ፣ ማርክ ሄሪንግ ዋና ዐቃቤ ሕግ። ኖርታምና ሄሪንግ ሁለቱም ሴናተሮች ስለነበሩ ወንበሮቻቸው ባዶ ሆኑ፤ በጃንዋሪ 2014 ማሟያ ምርጫ ተጠራ። የሄሪንግ ወንበር ብዙ ሳያንገራግር በፓርቲው እጅ ቀረ። ጭንቀቱ የኖርታም ወንበር ላይ ነበር።

ያ 6ኛው የምርጫ ክልል የኖርፎክን ከተማ ከፊሉንና ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለውን ምሥራቃዊ ዳርቻ ያካተተ ነበር፤ የወደብ ሠራተኛ፣ የባሕር ኃይል ቤተሰብ፣ ዓሣ አስጋሪና ገበሬ የተቀላቀለበት። በዲሞክራት በኩል የአኮማኩ ጠበቃ ሊንዉድ ሉዊስ፣ በሪፐብሊካን በኩል የኖርፎኩ ነጋዴ ዌይን ኮልማን ቀረቡ። ምርጫው ጃንዋሪ 7 በክረምቱ እኩሌታ ተካሄደ፤ 20,000 ከጥቂት መቶዎች ጋር ሰው ወጣ። ሉዊስ በ9 ድምፅ መምራታቸው ተረጋገጠ። ኮልማን ድጋሚ ቆጠራ ጠየቁ። በወሩ መጨረሻ ውጤቱ ሲታወቅ ልዩነቱ 11 ሆኖ ነበር። በዚያ ሳምንት ዲሞክራቶቹ 20 ለ20 በሆነው ሴኔት በኖርታም ድምፅ ኮሚቴዎቹን ተረከቡ። አሥራ አንድ ሰው ማለት በአንድ ጠዋት ተመላላሽ ክፍል ውስጥ የምናየው ሕመምተኛ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ስለ ኖርታም ትንሽ ልበል፤ የሙያ ባልደረባችን ናቸው። የሕፃናት የነርቭ ሐኪም ሲሆኑ የተማሩት በኖርፎክ በሚገኘው የምሥራቅ ቨርጂኒያ ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ሐኪም ሆነው ሲያገለግሉ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ጀርመን በሚገኘው የላንድሽቱል ሆስፒታል ቁስለኞችን አክመዋል። በ2018 አገረ ገዥ ሆኑ። በ2019 መጀመሪያ ግን ከሥልጣን ሊያወርዳቸው የደረሰው ሌላ ሳይሆን የ1984ቱ የትምህርት ቤታቸው የዓመት መጽሔት ነበር፦ በስማቸው ገጽ ላይ ፊቱን ጥቁር የተቀባ ሰውና የኩ ክለክስ ክላን ልብስ የለበሰ ሰው ጎን ለጎን የቆሙበት ፎቶ ተገኘ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቁ፤ በማግሥቱ በፎቶው ላይ እኔ የለሁም አሉ። የተመደበው መርማሪ ቡድንም ማን እንደሆነ መለየት አልቻለም። የዚህ መጽሔት ኮሚቴ ይህን አንቀጽ ያለ ቁጣ እንደሚያሳልፈው ተስፋ አለኝ።

ወደ 2014 እንመለስ። ሴኔቱ በዲሞክራቶች ሲመራና ኢሜት ሃንገርን ጨምሮ ሦስት ለዘብተኛ ሪፐብሊካን ሴናተሮች ሲደግፉት ለድሆቹ የግል መድን የሚገዛ የሜዲኬይድ ማስፋፊያ ዕቅድ በበጀቱ ውስጥ አስገባ። የታችኛው ምክር ቤት በፍጹም አለ። በጀቱ ሳይጸድቅ ወር አለፈ፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ጁን 30 ያልቃል። ሁለቱም ወገን "ማን ቀድሞ ዓይኑን ይሰብራል" እያለ ይተያያል።

ቀድሞ የተሰበረው ማንም ያልጠበቀው ቦታ ላይ ነበር። በጁን ሁለተኛ ሳምንት መጀመሪያ ፊል ፐኬት የተባሉ፣ ከደቡብ ምዕራቡ የድንጋይ ከሰል አገር የመጡ ዲሞክራት ሴናተር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ልጃቸው ለዳኝነት ታጭታ ነበር፤ ሴኔቱ የሚያገለግል አባሉን ዘመድ በዳኝነት አልሾምም ይል ነበር። ለእሳቸውም በትምባሆ ገንዘብ የሚተዳደረው የግዛቱ የልማት ኮሚሽን ውስጥ ሥራ ታስቦላቸው እንደነበር ሲወራ ከዚያ ራሳቸውን አገለሉ። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን መርምሮ ማንንም ሳይከስ ዘጋው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን 20 ለ20 የነበረው 20 ለ19 ሆነ፤ ኮሚቴዎቹ በአንድ ቀን እጅ ለወጡ። በጀቱ ጁን 12 ያለ ሜዲኬይድ ማስፋፊያ አለፈ። በላዩም አገረ ገዥው ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ በራሳቸው መንገድ እንዳያስፋፉ የሚከለክል አንቀጽ ተጨመረበት። በኖርፎክ በ11 ድምፅ የተገኘው በአንድ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሄደ። በኦገስት በተደረገው ማሟያ ምርጫ የፐኬትን ወንበር ቤን ቼፊን የተባሉ ሪፐብሊካን ጠበቃና ከብት አርቢ አሸነፉ። ስማቸውን ያዙልኝ።

ሐኪም እንደመሆኔ ይህን ታሪክ የማየው በወንበር ብዛት ብቻ አይደለም። በ2012 የኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል ላይ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው ሜዲኬይድን ያስፋፉ ሦስት ግዛቶችን፣ ኒው ዮርክን፣ ሜይንንና አሪዞናን፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። በሦስቱ ግዛቶች የጎልማሶች ሞት በ6 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት፤ አዲስ መድን ካገኙ 500,000 ጎልማሶች መካከል በዓመት 2,840 ያህል ሞት ቀርቷል ማለት ነው። ጥናቱ የራሱ ውስንነት አለው፤ ቨርጂኒያም አሪዞና አይደለችም። ብቻ ከጁን 2014 እስከ ጃንዋሪ 2019 አራት ዓመት ተኩል ነው፤ የሚጠብቁት ደግሞ 400,000 ገደማ ናቸው። ስሌቱን አንድ ጊዜ በወረቀት ጠርዝ ላይ ሠርቼው ቀድጄ ጣልኩት። እናንተም ካልኩሌተር አላችሁ።

እዚያው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ዋይዝ ካውንቲ፣ በየዓመቱ በጁላይ የባዛር ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች በነፃ ያክሙ ነበር። ሰዎች ከሌሊት ጀምሮ መኪናቸው ውስጥ አድረው ይሰለፋሉ፤ ጥርስ ለማስነቀል፣ መነጽር ለማሠራት፣ የደም ግፊት ለመለካት። ፎቶግራፎቹን ያየ የእኛ ሰው የገጠር የክትባት ዘመቻ ነው የሚመስለው። ጥርስ መቶ በመቶ መዳን የሚችል ነበር፤ መነቀሉ ግን ይቀላል፤ ለዓመት ተመልሶ የሚመጣ የለማ። ኖርታምም ሄደው ያግዙ ነበር። በጎረቤት ሊ ካውንቲ ያለው ሆስፒታል ደግሞ በ2013 ተዘግቷል። እንግዲህ ይህ አካባቢ ነው በድምፁ ማስፋፊያውን የሚቃወሙ ሰዎችን ሲልክ የኖረው። በቀላሉ "የራሳቸው ጥፋት ነው" የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አጋጥመውኛል፤ አልስማማም። ሰው ሲመርጥ ስለ ከሰል፣ ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ሃይማኖትም ይመርጣል፤ የምርጫ ካርዱ ላይ "ኢንሱሊን" የሚል ሳጥን የለም።

በ2015 አርባውም ወንበሮች ለምርጫ ቀረቡ፤ ውጤቱ 21 ለ19 ለሪፐብሊካን ሆነ። ከአዲሶቹ አንዷ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም የሆኑት ሲያቫን ደነቫንት ነበሩ። በኖቬምበር 2017 ኖርታም አገረ ገዥነቱን ሲያሸንፉ የታችኛው ምክር ቤት ከ66 ለ34 ወደ 51 ለ49 ተንደረደረ። እንዲያውም አንዱ ወንበር 11,608 ለ11,608 እኩል ወጥቶ ስማቸው ከሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በዕጣ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ የታችኛው ቤት ሪፐብሊካኖች አንድ በአንድ መለስ ማለት ጀመሩ፤ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የደቡብ ምዕራቡ ሰው ቴሪ ኪልጎር ነበሩ። ሴኔቱ ግን አሁንም 21 ለ19 ነው፤ አሁንም በሩ ዝግ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ሜይ 30 ቀን 2018 ሴኔቱ ድምፅ ሲሰጥ ከ2015 ወዲህ በወንበር ክፍፍሉ ላይ የተለወጠ አልነበረም። ያው 21፣ ያው 19። ማስፋፊያው ግን 23 ለ17 አለፈ። አራት ሪፐብሊካኖች ተሻገሩ፦ ሃንገር፣ ፍራንክ ዋግነር፣ ጂል ቮግል፣ እና ቤን ቼፊን። አዎ፣ የፐኬትን ወንበር የወሰዱት ቼፊን። ማስፋፊያውን ባስቀረው መልቀቂያ ምክንያት ሴኔት የገቡት ሰው፣ በራሳቸው አካባቢ የሚዘጉትን ሆስፒታሎችና የሚሰለፈውን ሕዝብ አይተው፣ በአራተኛ ዓመታቸው ከአሳላፊዎቹ አንዱ ሆኑ። ሐኪሟ ደነቫንት በበኩላቸው ከ17ቱ ወገን ነበሩ። በምርጫ ሌሊት የሚታወጀውን ቁጥር እንደ መጨረሻ ምርመራ ውጤት መቁጠር የለብንም የምለው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ማን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይናገራል፤ የተቀመጠው ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ማን እንደሚያነጋግረውና ምን እንደሚያይ አይናገርም። ፓርቲውን ብቻ አይቶ "እሱ አይሰማም" ብሎ ስልክ ያልደወለ የሕክምና ማኅበር ቼፊንን ማስታወስ አለበት። ቼፊን ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 በኮቪድ-19 ሞቱ፤ 60 ዓመታቸው ነበር።

ኖርታም ሕጉን ጁን 7 ፈረሙ። ሽፋኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከ300,000 በላይ ሰው ገባ። ስምምነቱን ለማግኘት ግን ዋጋ ተከፍሏል፦ የሥራ ግዴታ ይጠየቃል ተባለ፣ የግዛቱን ድርሻ ሆስፒታሎቹ እንዲሸፍኑ ቀረጥ ተጣለ፣ የፌዴራሉ ድርሻ ከ90 በመቶ ከወረደ ማስፋፊያው የሚቆምበት አንቀጽም ገባ።

የእኛ ማኅበረሰብ ግን አሁንም ሌላ ወረፋ ላይ ነበር። በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። በፌዴራል ሕግ አብዛኛው የግሪን ካርድ ባለቤት ለሜዲኬይድ 5 ዓመት ይጠብቃል። ቨርጂኒያ ግን ከጥቂት ግዛቶች ጋር ሆና በዚያ ላይ 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም የ10 ዓመት ሥራ፣ ትጠይቅ ነበር። ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ለመጀመሪያዎቹ 7 ዓመታት ከዚህ ነፃ ናቸው፤ በዲቪ የመጣውና በቤተሰብ የመጣው ግን አይደለም። የትዳር ጓደኛ ሥራ ይቆጠራል፤ ያደጉ ልጆች ሥራ አይቆጠርም። ልጆቿ በስተርጅና ያመጧት እናት 40ውን ሩብ ዓመት ከየት ታምጣው? እርግጥ በመድን ገበያው በድጎማ መግዛት ይቻል ነበር። ያም ቢሆን የመመዝገቢያው ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ደብዳቤው የሚመጣው በእንግሊዝኛ፤ የስኳር መድኃኒቷ ያለቀባት እናት ደግሞ ልጇ ከሌሊት ታክሲ ተመልሶ እስኪያነብላት ትጠብቃለች።

ይህን ያስወገደው የ2019ኙ የሴኔት ምርጫ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዲሞክራቶች 21 ለ19 አሸነፉ፤ ሁለቱንም ምክር ቤቶችና አገረ ገዥነቱን በአንድነት ሲይዙ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። በሪችመንድ ዙሪያ ያለውን 10ኛውን ክልል የወሰዱት ጋዛላ ሃሽሚ፣ በሕንድ ተወልደው በልጅነታቸው የመጡ የኮሌጅ መምህርት ሲሆኑ፣ በቨርጂኒያ ሴኔት የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሆኑ፤ በ2025 ደግሞ ምክትል አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። ከምርጫው በኋላ ስለ ሥራ ግዴታው ይካሄድ የነበረው ድርድር ቆመ። የ40 ሩብ ዓመቱ ደንብ በበጀት ውሳኔ ተሰርዞ ኤፕሪል 1 ቀን 2021 ቀረ። ዜናው በዋና ዋናዎቹ ጋዜጦች ዐቢይ ርዕስ አልሆነም። እኛ ክሊኒክ ግን ያን ሰሞን ቅጽ የሚሞላ ልጅና ከጎኑ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠች እናት በዝተው ነበር።

በ2023 ምርጫ ሴኔቱ እንደገና 21 ለ19 ለዲሞክራት ሆነ። ሐኪሟ ደነቫንት ወንበራቸውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክና ሥነ መንግሥት በሚያስተምሩት በስካይለር ቫንቫልከንበርግ ተነጠቁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ወቅት ነው። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ በማስፋፊያው የገቡ ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም መማራቸውን እንዲያስመዘግቡ ያዛል፤ ግዛቶች ይህን እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2027 መጀመር አለባቸው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ፣ እስካሁን ከሁሉም ቀድመው ይገቡ የነበሩት ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች፣ ግሪን ካርድ እስኪይዙ ከፌዴራሉ ሜዲኬይድ ይወጣሉ። ግዛቱ በራሱ ገንዘብ ይሸፍናቸው ወይ፣ የሰዓት ማስመዝገቢያው ቅጽ በአማርኛ ይኑር ወይ፣ ከግዴታው ነፃ የሚያደርገውን የሕመም ማስረጃ ሐኪም በምን ዓይነት ወረቀት ይጻፍ፣ እነዚህ ብዙዎቹ ሪችመንድ ላይ የሚወሰኑ ናቸው። አርባውም የሴኔት ወንበሮች በኖቬምበር 2027 ለምርጫ ይቀርባሉ።